ሰኞ ጀምረሽ ረቡዕ እንዳትተዪው፦ ጊዜ ለሌላት ሴት የምግብና የእንቅስቃሴ መመሪያ

የሦስት ወር የጂም ክፍያ ከፍዬ የሄድኩት አራት ቀን ነው። በዚያው ሰሞን ከሱፐርማርኬት ውድ የቁርስ እህል ገዝቼ ነበር፤ ከመደርደሪያው ሳይወርድ ነቀዝ ገባው። ሰነፍ ነኝ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። በኋላ ሳየው ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ምን እንደምበላ የምወስነው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ እግሬ ዝሎ፣ ሆዴ እየጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚመጣው መልስ ያው ነው፤ ሁለት ሳምቡሳ፣ ቤት ሲገባ ደግሞ እራት።

ስለዚህ ሥራው የሚሠራው እሁድ ነው። በሌላው ቀን ማሞቅና መራመድ ብቻ ይቀርሻል።

ከመጀመርሽ በፊት፦ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ በቅርቡ ከወለድሽ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብሽ፣ ወይም በየቀኑ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ።

ደረጃ 1፦ ቅዳሜ፣ ግዢና መዘፍዘፍ

ልኩ ለሁለት ሰው ነው። ለአራት ሰው ከሆነ እጥፍ አድርጊው።

• ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ ተኩል
• ምስር ክክ፣ ግማሽ ኪሎ
• ሽምብራ፣ ግማሽ ኪሎ
• ጎመን፣ 3 እስር
• ካሮት፣ 1 ኪሎ
• እንቁላል፣ 10
• ሎሚ፣ 6 ወይም 7
• ሙዝ ወይም የወቅቱ ርካሽ ፍራፍሬ
• ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ

ዋጋ አልጻፍኩም። ዛሬ ብጽፈው አንቺ ስታነቢው ያስቅሻል።

ሽሮና በርበሬ ቤት ካለሽ እሱን ተጠቀሚ። ሽሮ የምትገዢ ከሆነ ከምታውቂያት ባልትና ግዢ። ከሰፈሩ ሁሉ ረክሶ ያገኘሽውን ሽሮ ከምን እንደተፈጨ ጠይቂ፤ ጓያ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ጓያ ለወራት አብዝቶ መብላት እግር ያሽመደምዳል።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሽምብራውን ልቀሚና እጠቢ። ከዚያ ሦስት እጥፍ ውሃ አድርገሽ ዘፍዝፊው። ይህን አትዝለዪ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥራጥሬው ቶሎ አይበስልም። ድሬዳዋ ያለች እህትሽ "አርባ ደቂቃ ይበቃዋል" ብትልሽ እውነቷን ነው፤ ላንቺ ግን አይሠራም።

በሽምብራ ፋንታ ቀይ ቦሎቄ ከገዛሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፊ፤ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ፤ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅዪው። ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል።

ዘፍዝፈሽ ረስተሽ ከተኛሽ? ጠዋት የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ክደኚው፤ አንድ ሰዓት ይቆይ። ትንሽ ዘግይቶ ይበስላል እንጂ አይበላሽም።

ደረጃ 2፦ እሁድ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የኩሽና ሥራ

ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነ ከዚያ መልስ ይሁን። ሁለት ምድጃ ያስፈልግሻል። ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ፤ ሰዓቱ የሚቆጠበው አንዱ ሲፈላ ሌላውን ስለምትሠሪ ነው።

1. ሽምብራውን ጣጂ። ውሃውን ቀይሪ፤ ጨው አታድርጊ። በፕሬሸር ኩከር ግማሽ ሰዓት፣ በተራ ድስት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

2. ሽንኩርቱን በሙሉ ክተፊ። መፍጫ ካለሽ ፍጪው፤ ግን እንደ ሊጥ እንዳታደርጊው። ከላመ ውሃ ይተፋል፤ ለመቁላላት አስቸጋሪ ነው።

3. ቁሌቱን ሥሪ። የሳምንቱ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደረቅ ድስት አቁላዪ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሲይዝበት ዘይት ይጨምራል። አንቺ የቡና ስኒ አጋማሽ ውሃ ጠብ አድርጊበትና አማስዪ። እንደገና ሲይዝ እንደገና ውሃ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በኋላ ሽንኩርቱ ይቀላል፣ የጥሬ ሽታው ይጠፋል።

አሁን ዘይት። በሾርባ ማንኪያ ለክተሽ 8። ከጠርሙሱ ቀጥታ አታፍስሺ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ እጅሽ ሲያፈስስ ደግሞ አይቆጥርም። እኔ አንድ ቀን እንደ ልማዴ ካፈሰስኩ በኋላ ወደ ማንኪያ ገልብጬ ለካሁት። 17 ማንኪያ ወጣው።

ቀጥለሽ 6 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሪ፤ ከበርበሬው ጋር ጠብታ ውሃ ይግባ። 15 ደቂቃ አቁላዪው። በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ 5 ደቂቃ፣ አለቀ። ጨው አይገባም።

ቁሌቱን አራት ቦታ ክፈዪው። አንዱ አሁን ለምስር ነው። አንዱ ለማክሰኞ እንቁላል ስልስ፣ አንዱ ለሽሮ፣ አንዱ ለሽምብራ ወጥ። እያንዳንዱ ወጥ ሁለት ማንኪያ ዘይት ብቻ ደረሰው ማለት ነው።

ሥሩ ካረረ አትፋቂው። ያላረረውን ከላይ ብቻ ወደ ሌላ ድስት አሳልፊና ቅመሺ። በርበሬው ራሱ መሮ ከሆነ ግን በስኳርም በቲማቲምም አይድንም። ድፊው።

4. ምስሩን እጠቢና ከቁሌቱ ሩብ ጋር ጣጂ፤ ሙቅ ውሃ ጨምሪበት። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ጨው የምታደርጊው ከማውረድሽ በፊት ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ብዙ ከበሰለ አዮዲኑ ይቀንሳል። ልኩ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል። ያ ማለት ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በታች፣ ዳቦውም እንጀራውም ተቆጥሮ ነው።

5. ጎመኑን ሳትቆርጪ እጠቢ፣ ከዚያ ክተፊ። ካሮቱን ጨምሪበት። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ክዳን፣ 15 ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ መጨረሻ ላይ። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አውርጂው።

6. አምስት እንቁላል ቀቅዪ። ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ለማትጾሚበት ቀን መክሰስ ነው።

ደረጃ 3፦ ማቀዝቀዝ

መጀመሪያ ስሞክረው ምስሩን ሙሉ ድስት፣ ትኩሱን፣ ከነክዳኑ ፍሪጅ ከተትኩት። ረቡዕ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ላዩ አረፋ ሠርቶ ቆየኝ። ጎምዛዛ ሽታው ለሥራ የለበስኩት ሹራብ ላይ ሳይቀር ተከተለኝ። ግማሽ ኪሎ ምስርና አንድ እሁድ ወደ ቆሻሻ ሄዱ። ትልቅ ድስት መሃሉ ሳይበርድ ሰዓታት ይቆያል፤ መበላሸት የሚጀምረውም ከመሃል ነው።

• ወጡን ሰፊ ትሪ ወይም ጎድጓዳ ሳህኖች ላይ ገልብጪ። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥም ይረዳል።
• በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።
• ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ በሚሆን ትንንሽ ዕቃ አከፋፍዪ።
• ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑን ጻፊበት።
• እስከ ረቡዕ የሚበላው ፍሪጅ፣ ለሐሙስና ለአርብ የሚሆነው ፍሪዘር። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው።
• ስታሞቂ እስኪንተከተክ አሙቂ። አንዴ የሞቀውን መልሰሽ አታስቀምጪ።

መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቺ። ዝግ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ይቆያል። መብራቱ መቼ እንደሄደ ካላወቅሽና ወጡ ለብ ካለ ቀምሼ ልየው አትበይ።

ፍሪጅ ከሌለሽ እሁድ የበሰለ ምግብ አታከማቺ። ደረቁን አዘጋጂ፤ ቆሎ ቁይ፣ በሶ ይኑርሽ፣ ምስሩን ለቅመሽ በየቀኑ ልክ በፌስታል ቋጥሪ፣ ሽሮውን በኩባያ ለክተሽ አስቀምጪ። ጠዋት ሽሮ በ20 ደቂቃ ይደርሳል።

ደረጃ 4፦ ምሳ እቃው

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቋጥሪ። ጠዋት እቋጥራለሁ ያለች ሴት ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ነው የምትገኘው።

ቢሮ ፍሪጅ ካለ ስትደርሺ አስገቢው። ከሌለ ከፍሪዘር የወጣውን ወጥ በረዶ እንደሆነ ያዢ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ጎመኑንም አብሮ ያቀዘቅዛል። እንጀራው ለብቻው ይጠቅለል። ከወጥ ጋር ካደረ ይበሰብስና ስድስት ሰዓት ላይ ያስጠላሻል፣ ከዚያ እግርሽ ወደ ካፌ ነው።

አንድ ሎሚ ግማሹን አብረሽ ያዢ። ምስሩና ጎመኑ ላይ ጭመቂበት። የጥራጥሬና የቅጠል ብረት በሰውነት በቀላሉ አይወሰድም፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ወንዱ 8 ይበቃዋል። ስለዚህ ያቺ ሎሚ ለጣዕም ብቻ አይደለችም።

ለአስር ሰዓቱ ረሃብ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። እፍኝ ነው ያልኩት። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከሥራ ጋር ከቆረጠምሽው መጠኑን አታውቂውም።

ደረጃ 5፦ ማታ፣ ከትሪው ላይ

አብሮ መብላት መልካም ነው፤ ግን ከትሪ ላይ ምን ያህል እንደበላሽ ማየት አይቻልም። ለአራት ሳምንት ብቻ ለራስሽ ሳህን አቅርቢ። ትሪው አጠገብ አስቀምጪው፣ ማንም አይቀየምም።

1. የሳህኑን ግማሽ ጎመንና ካሮት አድርጊበት። እንጀራ ከመዘርጋትሽ በፊት።
2. ሩቡን ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ ወይም እንቁላል።
3. የቀረውን ሩብ እንጀራ። ሙሉ እንጀራ ለለመደ ሰው ይህ ያስደነግጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከልማድሽ ሩቡን ብቻ ቀንሺ፤ በሁለተኛው እስከ ግማሽ።
4. ጎመኑን ቀድመሽ ብዪ።

ወጥ እየሠራሽ የምትቀምሽው፣ ልጅሽ ያስተረፈችውን ጉርሻ እንዳይደፋ ብለሽ የምትጎርሺው፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ እራት ሊያህሉ ይችላሉ። የልጅሽን ትራፊ ወዲያው ክደኚው።

ለባለቤትሽና ለልጆችሽ ሌላ ወጥ አትሥሪ። ይህ ሲሞከር ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ያው ወጥ፣ ያው ድስት፤ እነሱ እንጀራ ይጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ሻይና ቡና

ሒሳቡን እንሥራ። በቀን አራት ስኒ፣ በስኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ 12 የሻይ ማንኪያ። አንዱ 4 ግራም ገደማ ስለሆነ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ነው የሚመክረው። ገና ኬክ አልበላሽም፣ ለስላሳም አልጠጣሽም።

በአንዴ አታቁሚ፤ ራስ ምታትሽን ሰበብ አድርገሽ በሦስተኛው ቀን ትመለሻለሽ። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ስኒ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ። በስድስተኛው ሳምንት ባዶ ትደርሻለሽ። አንድ ማንኪያ ላይ ከቆምሽም ይሁን።

ቡናና ሻይ ምግብ ላይ አትደርቢ፤ ብረቱ እንዳይወሰድ ያደርጋሉ። ከበላሽ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቂ።

ደረጃ 7፦ እግር

ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ። 15 ደቂቃ ጠዋት፣ 15 ደቂቃ ማታ፣ አምስት ቀን፤ 150 ደቂቃ ሞላሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ የሚለው ይህንኑ ነው።

• ፍጥነቱ ማውራት የምትችዪበት፣ መዝፈን ግን የማትችዪበት ይሁን። መዝፈን ከቻልሽ ፍጠኚ።
• ጠፍጣፋ ጫማ አድርገሽ ውጪ፤ ታኮውን ቢሮ አቆዪው።
• ከመሸ መንገዱ ጭር የሚል ከሆነ ማታውን ተዪው። በምሳ ሰዓት ግቢውን ዙሪ፣ ወይም የቢሮውን ደረጃ ውጪ።
• ክረምት ላይ ጠዋት ዝናብ የለም ብለሽ አትታለዪ። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ቤት ውስጥ ደረጃ ወይም የበር ደፍ ላይ 10 ደቂቃ ውጪ ውረጂ።

እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሽቅብ የሚሮጡትን አይተሽ አትሸማቀቂ። መለኪያ ከፈለግሽ በየዓመቱ የሚካሄደውን የ"ቅድሚያ ለሴቶች" 5 ኪሎ ሜትር አስቢ። ብዙዎቹ እየተራመዱ ነው የሚጨርሱት።

ደረጃ 8፦ አሥራ ሁለት ደቂቃ

ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ከሥራ መልስ ካረፍሽ በኋላ አይደለም፤ ከተቀመጥሽ አትነሺም። ጠዋት የሻይ ውሃ ጣጂና ጀምሪ፣ ወይም ማታ ወጡ ሲሞቅ። የሚያስፈልግሽ ወንበር፣ ግድግዳ፣ ምንጣፍና ውሃ የሞላ ሁለት ሃይላንድ ነው። ባለ 2 ሊትሩ 2 ኪሎ ይመዝናል።

ሁለት ደቂቃ ቦታሽ ላይ እየረገጥሽ ክንድሽን አዙሪ። ከዚያ የሚከተሉትን በተራ፣ ሁለት ዙር፤ እያንዳንዱ ከነእረፍቱ አንድ ደቂቃ።

1. ወንበር ላይ መቀመጥና መነሣት፣ 10 ጊዜ። እግርሽን በትከሻሽ ልክ ክፈቺ። መቀመጫሽ ወንበሩን ነክቶ ይነሣ፣ ወደ ፊት አትደፊ። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተመልከቺ። ጉልበትሽን ካመመሽ ከፍ ያለ ወንበር አድርጊ ወይም ትራስ ደርቢበት።
2. ግድግዳ መግፋት፣ 10 ጊዜ። አንድ እርምጃ ራቂ፣ እጅሽን በደረት ልክ ግድግዳው ላይ አድርጊ፣ ክርንሽን አጥፈሽ ቅረቢ፣ ግፊ። ሲቀልሽ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው።
3. ሃይላንድ መሳብ፣ 10 ጊዜ። ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ ከወገብሽ ጎንበስ በዪ፣ ሁለቱን ወደ ጎድንሽ ሳቢ።
4. ዳሌ ማንሳት፣ 12 ጊዜ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፊ፣ ዳሌሽን አንሥተሽ ሦስት ቁጠሪ፣ አውርጂ።
5. ፕላንክ፣ 20 ሰከንድ። በክርንሽና በእግር ጣትሽ። ወገብሽ ከረገበ ጉልበትሽን መሬት አስነኪ። ትንፋሽሽን አትያዢ።

መጠኑን እስከ ሦስተኛው ሳምንት አትጨምሪ። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጨምሪ። በማግስቱ ጡንቻ መዛል የተለመደ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። የሚወጋ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደረት መጨነቅ ወይም ማዞር ከመጣ ግን አቁሚ፤ የደረቱ ሕመም ካልለቀቀ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።

ሲበላሽ

ጾም ሲሆን። ረቡዕና አርብ ሽሮና ሽምብራው አሉልሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ የጠዋቱን 12 ደቂቃ ከበላሽ በኋላ አድርጊው። መግደፊያሽ ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ ከዚያ ምሳሽ ይሁን፤ በሳምቡሳ ከገደፍሽ እራትሽም ይበላሻል። በረመዳንም እንዲሁ፤ እንቅስቃሴው ከኢፍጣር በኋላ፣ ሽምብራና እንቁላሉ ለሱሁር። ረጅሙን ጾም ሙሉ የምትጾሚና ሁልጊዜ የሚደክምሽ፣ የሚያዞርሽ ከሆነ ደምሽን ተመርመሪ። ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት እንጂ ከጥራጥሬ አይገኝም።

እንግድነት ስትሄጂ። "በሞቴ" ሲባል መከራከር አያዋጣም። ትንሽ አንሺ፣ ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ሳህንሽ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ይቅር። ባዶ ሳህን ያየች እናት ማንኪያዋን ይዛ ነው የምትመጣው።

አንድ እሁድ ካመለጠሽ። ቁሌቱን ብቻ ሰኞ ማታ ሥሪ፤ አንድ ሰዓት ነው። ጊዜ ከጠፋ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮትና እንጀራም ምሳ ነው። የሚቀጥለውን ሰኞ አትጠብቂ።

ኪሎው አልወርድ ካለ። በየቀኑ ሚዛን ላይ አትውጪ፤ የወር አበባ ሲቃረብ ውሃ ብቻ ኪሎ ይጨምራል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበዪ ወገብሽን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪ። ሜትሩ ከመጨረሻው ጎድንሽና ከዳሌ አጥንትሽ መሃል ይለፍ፤ ሆድሽን አትሳቢ፣ አስተንፍሰሽ ለኪ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት ይጨምራል፤ ከ88 በላይ ሲሆን ደግሞ ስጋቱ በጣም ይከፋል። ቁጥሩንና ቀኑን ፍሪጁ በር ላይ ጻፊ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምንም ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ዘይቱን እንደገና ለኪ፤ ማንኪያዋ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተመልሳ ነው የምትገኘው።